ማሺን ኤይዩደን ዋታሩ

ማሺን ኤይዩደን ዋታሩ በጃፓኑ የአኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) ስቱዲዮ በሳንራይዝ ተሠርቶ፣ ከኤፕሪል 15 ቀን 1988 እስከ ማርች 31 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. በኒፖን ቴሌቪዥን በ45 ክፍሎች የተላለፈ፣ ምናባዊ ዓለምን፣ ግዙፍ ሮቦቶችንና ቀልድን ያጣመረ ተከታታይ ፊልም ነው። ርዕሱን «የማጂኑ ጀግና የዋታሩ ገድል» ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ትርጉሙ ግን ቀልዱን ይጥለዋል። የመጀመሪያው ቃል የተጻፈባቸው ፊደላት በተለምዶ «ማጂን» ተብለው የሚነበቡ ሲሆን ታላቅና አስፈሪ ኃይል ያለውን መንፈስ ያመለክታሉ፤ አዘጋጆቹ «ማሺን» ተብለው እንዲነበቡ በማድረግ ከእንግሊዝኛው ማሽን ጋር አገጣጠሟቸው። የልብስ ስፌት ማሽን እያለ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ጨዋታ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። በታሪኩ ውስጥም ሮቦቶቹ በሙሉ የሚጠሩት ማሺን በሚለው ስም ነው።

ሥራው የወጣበትን ጊዜ ማወቅ ለምን እንደዚህ እንደተሠራ ለመረዳት ይረዳል። ይኸው ስቱዲዮ በ1979 «ሞባይል ሱት ጋንዳም»ን ካቀረበ በኋላ የሮቦት አኒሜ ወደ ጦርነት፣ ወደ ፖለቲካና ወደ ሞት አዘንብሎ ነበር፤ ታዳጊዎች ሲማረኩበት ሕፃናት ግን ከዘውጉ ራቁ። በሌላ በኩል ከ1986 ጀምሮ «ድራጎን ኩዌስት» የተባለው ቪዲዮ ጌም የጃፓንን ልጆች ሰይፍ ይዞ ጭራቅ ማሳደድን አስለምዷቸው ነበር፤ የጌሙ ሦስተኛ ክፍል ለገበያ የቀረበው ዋታሩ መተላለፍ ከመጀመሩ ሁለት ወር በፊት፣ በፌብሩዋሪ 1988 ነው። ጭንቅላታቸው ትልቅ፣ እግራቸው አጭር የሆኑ የሮቦት መጫወቻዎችም በወቅቱ ተወዳጅ ነበሩ። ዋታሩ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ አመጣ፦ ድንክዬ መልክ ያላቸው ሮቦቶች፣ እንደ ጌም ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ጉዞ፣ እና የማያቋርጥ ሳቅ። የጌምን አካሄድ ወደ ሮቦት አኒሜ በማስገባት ቀዳሚው እንደሆነ ብዙ ወዳጆቹ ይናገራሉ፤ ቀዳሚነቱ ሊያከራክር ቢችልም የተዋጣለት መሆኑ ግን አያከራክርም።

ባለታሪኩ ኢኩሳቤ ዋታሩ የአራተኛ ክፍል ተማሪ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። በትምህርት ቤት ከሸክላ ጭቃ የሠራው ሮቦት ነፍስ ዘርቶ ሪዩጂንማሩ የተባለ ማሺን ይሆንለታል፤ እሱም ሶካይዛን ወደተባለ ተራራማ ዓለም ይጠራል። ሶካይዛን ሰባት እርከኖች ያሉት ሲሆን፣ ከላዩ የተዘረጋው ባለ ሰባት ቀለም ቀስተ ደመና በክፉው ዶዋክዳር ምክንያት ቀለሙን አጥቷል። ዋታሩ አንዱን እርከን ነፃ ባወጣ ቁጥር አንድ ቀለም ይመለሳል። አካሄዱ ቀላል ነው፤ አራት ወይም አምስት ዓመት የሞላው ተመልካች እንኳ ጉዞው የት እንደደረሰና ምን ያህል እንደቀረው ሰማዩን አይቶ ሊያውቅ ይችላል፤ ይህ ደግሞ በአርባ አምስት ሳምንታዊ ክፍሎች ለተከፋፈለ ታሪክ ትንሽ ብልሃት አይደለም።

የዋታሩ መለያ ንግግር «ኦሞሺሮ ካኮኢ» የሚል ነው፤ «የሚያስቅም የሚያኮራም» እንደማለት። በእርግጥም የተከታታዩ አሠራር በሙሉ በዚህች ሐረግ ውስጥ አለ፤ ቀልዱ በውጊያ መካከል የሚገባ እረፍት ሳይሆን ውጊያውን ራሱን የሚያንቀሳቅስ ነው። ወፍራሙ ሳሙራይ ጹሩጊቤ ሺባራኩ ሴንጂንማሩ የተባለውን ማሺኑን የሚጠራው በስልክ ደውሎ ነው። ትንሿ የኒንጃ ልጅ ሺኖቢቤ ሂሚኮ ደግሞ ፍርሃት የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሌላው ሲደነግጥ እሷ ትስቃለች። ዋታሩ ራሱ በሪዩጂንማሩ ውስጥ ሆኖ የሚይዘው መሪ ወይም ማርሽ ሳይሆን የወርቅ ዘንዶ ቀንድ ነው። ሮቦቱ በድምፅ ተዋናዩ በጌንዳ ቴሾ ወፍራም ድምፅ እንደ አዛውንት እየመከረ ልጁን ያነጋግረዋል፤ ግንኙነታቸውም የአሽከርካሪና የመኪና ሳይሆን የልጅና የታላቅ ዘመድ ይመስላል።

ከሳቁ በስተጀርባ ግን ቁም ነገር አለ፤ እሱም ቶራዖ ነው። ይህ እብሪተኛ ልጅ ራሱን የዶዋክዳር ልጅ አድርጎ ያምናል፤ ዋታሩና እሱ በጠላትነት እንደተሰለፉ ሳያውቁ ይዋደዳሉ፤ ማንነታቸው ሲገለጥ ወዳጅነታቸው በሰይፍ ይፈተናል። በመጨረሻም ቶራዖ በእውነቱ ሾሪዩኮ የተባለ የሶካይዛን ልዑል መሆኑ ይታወቃል። ድምፁን የሰጠችው ኢኩራ ካዙኤ ናት። ተከታታዩ ከልጆች አልፎ ከፍ ያሉ ተመልካቾችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ የማረከው በዚህ ገጸ ባሕርይ መሆኑን ብዙዎች ይስማሙበታል፤ ኋላም የራሱ ልቦለድ ተጽፎለታል።

የሥራው ባለቤትነት ለያታቴ ሃጂሜና ለሂሮይ ኦጂ ተሰጥቷል። ያታቴ ሃጂሜ የአንድ ሰው ስም ሳይሆን የሳንራይዝ ሠራተኞች በጋራ የሚጠቀሙበት የብዕር ስም ስለሆነ፣ ሐሳቡ የማን ነው ሲባል በአብዛኛው የሚነሳው የሂሮይ ስም ነው፤ ይህ ግን የዳይሬክተሩን የኢውቺ ሹጂን ድርሻ ሳያሳንስ አይቀርም። ገጸ ባሕርያቱን የሳለው የስቱዲዮ ላይቭ መሥራች አሺዳ ቶዮ ነው። አሺዳ በ2011፣ ኢውቺ በ2016 አርፈዋል። ለዋታሩ ድምፅ የሰጠችው ታናካ ማዩሚ በኋላ «ዋን ፒስ» በተባለው አኒሜ ባለታሪኩን ሉፊን ሆና በዓለም ታውቃለች፤ ሂሚኮን የተጫወተችው ሃያሺባራ ሜጉሚም ያኔ ገና ጀማሪ ነበረች።

ስፖንሰሩ የመጫወቻ አምራቹ ታካራ ነበር። «ፕላክሾን» በሚል ስም የሸጣቸው ሞዴሎች ስፕሪንግ በተገጠመላቸው ክንዶች ሰይፍ ይሰነዝሩ ነበር፤ በፊልሙ ውስጥ አዳዲስ ማሺኖች ያለማቋረጥ ብቅ የሚሉት ለታሪኩ ብቻ ነው ማለት የዋህነት ይሆናል። በዚያው በ1988 ሃድሰን የተባለው ኩባንያ ፒሲ ኤንጂን ለተባለው የጌም መጫወቻ መሣሪያ ጌም አወጣለት። ይህ ጌም በ1989 «ኪት ከሬጅ» ተብሎ የፒሲ ኤንጂን የአሜሪካ ቅጂ ከሆነው ተርቦግራፍክስ 16 ጋር በአንድ ካርቶን ተሽጧል፤ ስሙም ታሪኩም ተቀይሮ ስለነበር ዋታሩን በእጃቸው ያንቀሳቀሱ የአሜሪካ ልጆች ማን እንደሆነ ሳያውቁት ቀርተዋል። በቻይና በአንጻሩ «ሼንሎንግ ዶውሺ» በሚል ርዕስ ታይቶ የአንድ ትውልድ ትዝታ ሆኗል።

በ1989 የተተካው «ማዶ ኪንግ ግራንዞርት» የዚሁ ቡድን ሥራ ቢሆንም የራሱ ታሪክ አለው። ሁለተኛው ዋታሩ ከማርች 1990 እስከ ማርች 1991 በ46 ክፍሎች፣ «ቾ ማሺን ኤይዩደን ዋታሩ» ከ1997 እስከ 1998 በ51 ክፍሎች ተላልፈዋል። በ2020 «ናናታማ ኖ ሪዩጂንማሩ» በኢንተርኔት ቀርቧል፤ በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ሌላ ዋታሩ የተባለ ልጅ ባለታሪክ የሆነበት «ማሺን ሶዞደን ዋታሩ» በቴሌቪዥን ጀምሯል።