ድርና ማግ ከኮምፒውተር ጋር

ባህላዊ የጨርቅ ጥበብ ሲባል ሽመና፣ ጥልፍ፣ የምንጣፍ ሥራ፣ ሹራብና ክር ማቅለም ሁሉ ይገባሉ። እነዚህን ሙያዎች ከኮምፒውተር ንድፍ፣ ከዲጂታል መሸመኛና ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፍ ክር ጋር አጣምሮ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ የግድግዳ ጨርቅ ወይም መብራት መሥራት ዛሬ በቤት ውስጥ ዲዛይን ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል።

ብዙ ሰው የእጅ ሙያንና ኮምፒውተርን እንደ ባላንጣ ያያቸዋል። ዝምድናቸው ግን የቆየ ነው። በሽመና ማጉ ከድሩ ጋር ሲገናኝ ወይ ከላይ ያልፋል፣ ወይ ከታች። ሌላ አማራጭ የለውም። ኮምፒውተርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ፣ በአንድና በዜሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1804 ፈረንሳዊው ጆሴፍ ማሪ ጃካርድ የሽመናን ንድፍ ወደ ተበሳ ካርድ የሚቀይር መሸመኛ አቀረበ። ካርዱ ላይ ቀዳዳ ካለ ክሩ ይነሳል፤ ከሌለ ባለበት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1839 በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ ውስጥ የራሱ የጃካርድ ምስል በሐር ሲሸመን ወደ 24 ሺህ የሚጠጉ ካርዶች ፈጅቷል። ሥራው ከመርቀቁ የተነሳ የታተመ ሥዕል ይመስላል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅም ለስሌት ማሽን ንድፉ ካርዱን የወሰደው ከዚሁ መሸመኛ ነው። ስለዚህ ሸማኔ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ የባዕድ ቤት እየገባ አይደለም።

ዛሬ ካርዱ በኤሌክትሮኒክስ ተተክቷል። ለእጅ ሸማኔዎች ተብለው የሚሠሩ ዲጂታል መሸመኛዎች አሉ፤ እያንዳንዱን የድር ክር ለብቻው ማንሳት ይችላሉ። ንድፉ ስክሪን ላይ ይሣላል። ከዚያ አንዷ ፒክሰል (የስክሪኑ ትንሿ ነጥብ) አንድ የድርና የማግ መገናኛ እንድትሆን ማድረግ ይቻላል። መወርወሪያውን የሚወረውረውና ማጉን የሚያጠብቀው ግን ሰው ነው። የዚህ ሥራ ውበት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። አድካሚውን ቆጠራ ማሽኑ ይሸከማል። ሸማኔው መሃል ላይ ወፈር ያለ ክር ልጨምር፣ ቀለሙን ትንሽ ላለዝበው ቢል የሚከለክለው የለም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያለው እርዳታም ቀላል አይደለም። በእጅ የሚቋጠር ምንጣፍ ወራት ይፈጃል። ካለቀ በኋላ «ለክፍሉ አነሰ» ሲባል ያሳዝናል። አሁን ምንጣፉን ያዘዘው ሰው ንድፉን በስልኩ ካሜራ ሳሎኑ ወለል ላይ አስቀምጦ ማየት ይችላል። ቀለምም በመሣሪያ ስለሚለካ ዘንድሮ የተነከረውን ክር ካለፈው ጋር ማቀራረብ ቀሏል።

ጨርቅ ከጌጥ ያለፈ ሥራ እንዳለው ቀድመው ካሳዩት አንዷ ሸማኔና ዲዛይነር አኒ አልበርስ ናት። በጀርመኑ ባውሃውስ የዲዛይን ትምህርት ቤት ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ፣ እዚያው ጀርመን በርናው ከተማ ውስጥ ላለ አዳራሽ የግድግዳ ጨርቅ ሠርታለች። ፊቱ ሴሎፎን (የሚያብረቀርቅ ስስ መጠቅለያ) ስላለበት ብርሃን ይመልሳል፤ ጀርባው ደግሞ ድምፅ ያፍናል። ይህ ሐሳብ ዛሬ ይበልጥ ያስፈልገናል። የዘመኑ ቤት መስታወት፣ ሲሚንቶና ሴራሚክ በዝቶበታል። ድምፅ እየተላተመ ያስተጋባል። በሱፍ የተሸመነ ወፍራም ጨርቅ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ይህን ይቀንሰዋል። ጨርቁን ከመለጠፍ ይልቅ ከኋላው ጥቂት ሴንቲሜትር ክፍተት ቢተውለት ወፋፍራም ድምፆችንም በተሻለ ይይዛል። ሱፍ በቀላሉ በእሳት አይያያዝም። ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ይዞ እንኳ ሲነካ ደረቅ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ነገር በፕላስቲክ ሰሌዳ መተካት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ከሁሉ በላይ የሚወራለት ስማርት ጨርቅ፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክስ የገባበት ጨርቅ ነው። ናይለን በብር ይለበጣል፤ ወይም በጣም ቀጫጭን የብረት ክሮች ከጥጥ ጋር ይፈተላሉ። ውጤቱ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር ነው። በዚህ ክር የተጠለፈ ትራስ ሲነካ መብራት ሊያበራ ይችላል። ሴንሰር ያለበት የወለል ምንጣፍ ሰው ሲወድቅ ለይቶ ለቤተሰብ መልእክት እንዲልክ ተደርጎ ይሠራል። መጋረጃ ውስጥ የተሸመነ ፋይበር ኦፕቲክ (ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን ክር) ደግሞ ከጫፉ ላይ ባለ ኤልኢዲ ይደምቃል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2015 ንክኪ የሚለይ ጨርቅ ይፋ ሲያደርግ ፕሮጀክቱን የሰየመው በጃካርድ ስም ነበር።

ችግሩ ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በሳይቤሪያ አልታይ ተራሮች፣ በረዶ ከሞላው መቃብር የወጣው የፓዚሪክ ምንጣፍ ከ2 ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶም ቋጠሮውና ቀለሙ አልጠፋም። ባትሪና ሰርኪዩት ግን በጥቂት ዓመት ያረጃሉ። በብር የተለበጠ ክርም በእጥበት ብዛት ይጎዳል። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክሱ ተነቅሎ የሚወጣና የሚቀየር መሆን አለበት። ጨርቁ ውስጥ ከተቀበረ፣ አንዲት ሽቦ ስትበጠስ የወራት ልፋት አብሮ ይጣላል።

ጥለትን በዲጂታል ማተሚያ ጨርቅ ላይ ማተም ፈጣንና ርካሽ መንገድ ነው። ሆኖም የሚሰጠው የሽመና ፎቶ እንጂ ሽመና አይደለም። ሻጩ ይህን በግልጽ መናገር አለበት።

ከዚህ የከበደው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። አንድን ጥለት ስካን አድርጎ በሺህ ማባዛት የደቂቃዎች ሥራ ሆኗል። ጥለቱ ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ማኅበረሰብ ሀብት ነው። «ፈጠርኩት» የሚል አንድ ሰው ስለሌለ በተለመደው የቅጂ መብት ሕግ መከላከል ያስቸግራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ስምምነት ባህላዊ የእጅ ሙያን ከማይዳሰሱ ቅርሶች ይቆጥረዋል፤ ለጥለት የሚያስከፍል ሕግ ግን አይደለም። ስለዚህ ዲዛይነሩ ንድፉን ከመውሰዱ በፊት ከሙያው ባለቤቶች ጋር መነጋገር፣ ስማቸውን መጥራት፣ ተገቢውን መክፈል አለበት። ሸማኔውን «ሠራተኛ» ራስን «ፈጣሪ» ማለት ያሳፍራል።

ምንጣፍ የሚገዛ ሰው የእጁን ከማሽኑ ለመለየት ገልብጦ ይየው። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ ጥለቱ በጀርባውም ጥርት ብሎ ይታያል። ጫፉ ላይ የሚንጠለጠለው ክርም የድሩ ቀጣይ ነው፤ ተሰፍቶ የተጨመረ አይደለም። ጀርባው በሙጫ በተለጠፈ ጨርቅ ከተሸፈነ ክሩ አልተቋጠረም፤ በመርፌ መሣሪያ ወይም በሮቦት ተወግቶ የገባ ነው። እንዲህ ያለው ምንጣፍም ለቤት ያገለግላል። ዋጋው ግን ከተቋጠረው ጋር ሊተካከል አይገባም፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ እየደረቀ ሊፈረፈር ይችላል።