ነጻ የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የትኛውን ነጻ የፎቶ ማስተካከያ ልጫን?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ምን ልትሠራበት አስበሃል? አንዱ የአያቱን የተቀደደ ፎቶ መጠገን ይፈልጋል። ሌላዋ የልደት መጥሪያ ካርድ ልታዘጋጅ ነው። ሦስተኛው በካሜራ ያነሳቸው መቶ ፎቶዎች ጨልመውበታል። ሦስቱም «ፎቶ ማስተካከል» ይሉታል፤ የሚያስፈልጋቸው መሣሪያ ግን የተለያየ ነው። ብዙ ሰው ምርጫውን ከሥራው ሳይሆን ከፕሮግራሙ ዝና ስለሚጀምር ጊዜውንም ተስፋውንም ያባክናል። ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

«በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም የጀማሪ መጫወቻ ነው»

አይደለም። ጊምፕን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ተማሪዎች የነበሩት ስፔንሰር ኪምቦል እና ፒተር ማቲስ ጀመሩት፤ ከዚያ ወዲህ በጎ ፈቃደኞች እያሳደጉት በመጋቢት 2025 ሦስተኛው ትውልድ ወጣ። ሌየር (በፎቶው ላይ እንደ ግልጽ ወረቀት የሚደረብ ንብርብር)፣ ማስክ (የሌየሩን ከፊል የሚሸፍን)፣ የብርሃንና የቀለም ኩርባዎች (ብርሃንና ቀለም የሚስተካከልባቸው መስመሮች)፣ እንከን መሸፈኛ ብሩሾች፣ ሁሉም አሉት። በአዲሱ ትውልድ ደግሞ ዛሬ ያደበዘዙትን ዳራ ነገ ተመልሰው የድብዘዛውን መጠን መቀየር ይችላሉ፤ ቀድሞ ማደብዘዣው አንዴ ካረፈ በኋላ ወደ ኋላ ከመመለስ በቀር ምርጫ አልነበረም።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ውስብስብ የፎቶሾፕ ፋይል ሲከፍት አንዳንድ ነገር ሊያፋልስ ይችላል፤ ለማተሚያ ቤት በአራቱ የኅትመት ቀለሞች መሥራት ለሚፈልግም ክሪታ የተባለው ነጻ የሥዕል ፕሮግራም ይሻለዋል። በቤት ውስጥ ሥራ ግን እነዚህ ችግሮች የሚያጋጥሙት ሰው ጥቂት ነው።

«ነጻ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው»

ይህ ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ ከሁሉም ይከብዳል። ጊምፕ፣ ክሪታ፣ ኢንክስኬፕና ዳርክቴብል ምንጭ ኮዳቸው፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት መመሪያ፣ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ሊመረምረው፣ ሊቀይረውና ሊያሰራጨው ይችላል። በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ፔይንት ዶት ኔት በነጻ ይገኛል፤ ኮዱ ግን ክፍት አይደለም። ፎቶፒ በብሮውዘር ውስጥ የሚከፈት ሲሆን ወጪውን በማስታወቂያ ይሸፍናል። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ ለጥቂት ቀን ብቻ በነጻ የሚሠሩ፣ ወይም ሥራውን ጨርሰው ሲያስቀምጡ የራሳቸውን ማኅተም በፎቶው ላይ የሚያትሙ አሉ።

ቁልፉ ተሰብሮ የሚሰራጭ የሚከፈልበት ፕሮግራም ግን ከነጻዎቹ ተርታ አይገባም። ለመጫን ጸረ ቫይረሱን አጥፉ የሚል መመሪያ ሲመጣ በዚያው ቁሙ። በዚያ ኮምፒውተር ላይ የልጆቻችሁ ፎቶ፣ የባንክ የይለፍ ቃላችሁ፣ የሥራ ፋይላችሁ አለ። እውነተኛው ነጻ ፕሮግራምም ቢሆን ከአዘጋጆቹ ድረ ገጽ ብቻ ይውረድ፤ በፍለጋ ውጤት አናት ላይ የሚታይ ማስታወቂያ የታዋቂ ፕሮግራም ስም ስለያዘ ብቻ አይታመንም።

«አንድ ጥሩ ፕሮግራም ለሁሉም ይበቃል»

ፎቶ ከፒክስል፣ ማለትም ከጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣቦች የተሠራ ነው። አርማ፣ የመጥሪያ ካርድ ጽሑፍ ወይም በማሰሮ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ግን በመስመርና በቅርጽ ቢሳል ይመረጣል። ይህን ለማየት ጊምፕ ላይ አንድ ፊደል በትንሽ ፎቶ ላይ ጽፋችሁ ፎቶውን አሥር እጥፍ አሳድጉት፦ የፊደሉ ጠርዝ የደረጃ ቅርጽ ይይዛል ወይም ይደበዝዛል። ያንኑ ፊደል ኢንክስኬፕ ላይ ብታሳድጉት ጠርዙ እንደ ጥራቱ ይቆያል፤ ፕሮግራሙ የሚያስታውሰው ነጠብጣቦቹን ሳይሆን የመስመሩን አካሄድ ነውና። የካሜራን ጥሬ ፋይል (ካሜራው ሳያስተካክል እንዳነሳው ያስቀመጠውን) ለማብራትና ለማቅለም ደግሞ ዳርክቴብል ወይም ሮውቴራፒ አለ። በእጅ ለመሳል ክሪታ። ፎቶ ከርክሞ ለማብራት ብቻ ከሆነ ከስልኩ ጋር የመጣው ማስተካከያ ይበቃል፤ ተጨማሪ መጫን አያስፈልግም።

«ሥራዬን ጄፔግ አድርጌ ካስቀመጥሁ አበቃ»

ጄፔግ የተባለው የተለመደ የፎቶ ፋይል ዓይነት ፋይሉን የሚያሳንሰው ዓይን አያስተውላቸውም ብሎ የገመታቸውን ዝርዝሮች በመጣል ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ጉዳቱ አይታይም። ነገር ግን ዛሬ አስተካክሎ ማስቀመጥ፣ ነገ ከፍቶ እንደገና ማስቀመጥ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ ማድረግ በየጊዜው አዲስ ነገር ያስጥላል። በፊደሎች ጠርዝ ዙሪያ አቧራ የመሰለ ነገር ብቅ ይላል፤ የሰማይ ወይም የግድግዳ ለስላሳ ቀለም በአራት ማዕዘን ይከፋፈላል። የጠፋው ደግሞ አይመለስም።

ስለዚህ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ በፕሮግራሙ በራሱ የፋይል ዓይነት ይቀመጥ፤ በጊምፕ ኤክስሲኤፍ ይባላል። ሌየሮቹ በሙሉ እንዳሉ ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በጊምፕ «ሴቭ» የሚለው ትእዛዝ ይህን ብቻ ያስቀምጣል፤ ጄፔግ ወይም ፒኤንጂ ለማውጣት «ኤክስፖርት» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ይህን ባለማወቅ ብቻ «ጊምፕ ጄፔግ አያስቀምጥም» ብለው የተዉት ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ያሳዝናል።

የአያትየው ፎቶ ላይ ይህ ልማድ ምን እንደሚያደርግ ላሳያችሁ። ስንጥቁ ጉንጯን አቋርጦ አልፏል እንበል። በፎቶው ላይ በቀጥታ አትሥሩ። ባዶ ሌየር ከላይ ጨምሩ፤ «ክሎን» የተባለውን ብሩሽ መርጣችሁ «ሳምፕል መርጅድ» የሚለውን ምልክት አብሩ። ኮንትሮል ቁልፍን ይዛችሁ ከስንጥቁ አጠገብ ያለውን ጤነኛ ቆዳ ጠቅ አድርጉ፤ ከዚያ በትንሽና በለስላሳ ብሩሽ ስንጥቁን ቀስ እያላችሁ ሸፍኑ። ምንጩን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ ካልቀየራችሁ አንድ ዓይነት ነጠብጣብ እየተደገመ ዓይን ይስባል። ጉንጩ ከልክ በላይ ለስልሶ የሌላ ሰው መስሎ ከታያችሁ ያንን ሌየር ብቻ ታጠፋላችሁ። እውነተኛው ፊቷ ከሥር ሳይነካ አለ።

«ትንሹን ፎቶ አሳድጌ በትልቁ አትመዋለሁ»

ለቅርብ እይታ በሚታተም ፎቶ በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ጥሩ መለኪያ ነው። 10 በ15 ሳንቲሜትር ለሚሆን ፎቶ በግምት 1200 በ1800 ፒክስል ያስፈልጋል ማለት ነው። 800 በ600 የሆነው ፎቶ በዚህ ጥራት ከ7 በ5 ሳንቲሜትር አያልፍም።

ብዙዎች በፕሮግራሙ ውስጥ በአንድ ኢንች ያለውን የፒክስል ብዛት የሚያሳየውን 72 የሚል ቁጥር 300 አድርገው ችግሩ የተፈታ ይመስላቸዋል። ቁጥሩን ብቻ ስትቀይሩ ግን ፎቶው ላይ አንድም ፒክስል አልተጨመረም፤ የተቀየረው በወረቀት ላይ የሚይዘው ስፋት ነው። ፒክስሎቹን ራሳቸውን አብዝተው ሲያሳድጉት ደግሞ ፕሮግራሙ በነጠብጣቦቹ መካከል ያለውን በግምት ይሞላል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያሳድጉትም የሚያሳምር ዝርዝር ይፈጥራሉ፤ የፈጠሩት ዝርዝር ግን የአያታችሁ ዓይን መሆኑን ማንም አያረጋግጥም። መፍትሔው ከምንጩ ነው፦ የወረቀቱን ፎቶ በአንድ ኢንች በ600 ፒክስል ስካን አድርጉ፤ ዘመድ ፎቶ ሲልክላችሁ ደግሞ በመልእክት መተግበሪያ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልክ ለምኑት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ መተግበሪያው ብዙ ጊዜ ይጨምቀዋል።

«በብሮውዘር የሚሠራ ሁሉ ፎቶዬን ይወስዳል»፣ ወይም በተቃራኒው «ምንም አይወስድም»

ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ፎቶፒ ፋይሉን የሚያስተካክለው በራሳችሁ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ዳራን በአንድ ጠቅታ እናጠፋለን የሚሉ ብዙ ድረ ገጾች ግን ፎቶውን ወደ ሰርቨራቸው ይወስዱታል። መታወቂያ፣ የሕክምና ወረቀት ወይም የልጅ ፎቶ ከሆነ ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ በተጫነ ፕሮግራም ብትሠሩት ይመረጣል።

«በስክሪን ያየሁት ቀለም በወረቀት ላይ ያው ነው»

ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፣ ወረቀት ብርሃን ይመልሳል። ስለዚህ ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ በወረቀት ላይ ይቀዘቅዛሉ፤ ጨለማ ያለበት ፎቶም ይበልጥ ይጨልማል። የትኛውም ፕሮግራም ይህን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ሃምሳውን መጥሪያ ካርድ ከማሳተማችሁ በፊት አንዱን አሳትሙና በመስኮት ብርሃን አጠገብ ተመልከቱት፤ ከጨለመ በፕሮግራሙ የብርሃኑን ኩርባ ከመካከሉ ትንሽ ወደ ላይ ገፍታችሁ ሁለተኛውን አሳትሙ።