«ዲፖዝ»፦ ንጉሥን ከዙፋን የሚያወርደው የእንግሊዝኛ ቃል

«ዲፖዝ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ንጉሥን ከዙፋኑ፣ ሹምን ከሹመቱ ማውረድ ማለት ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ሲሆን፣ መነሻ ሐሳቡ ከፍ ብሎ ያለውን ነገር ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። የእኛው «አወረደ» ለዚህ ቃል እጅግ ይቀርበዋል፤ ንጉሥ ከዙፋን እንደሚወርድ ሁሉ የክርስቶስም ሥጋ ከመስቀል ወረደ እንላለንና። በእንግሊዝኛም «ዲፖዚሽን» የሚለው ስም ለሁለቱም ያገለግላል።

አማርኛው የማይከተለው ሌላ ፍች ግን አለ፤ በመሐላ የምስክርነት ቃል መስጠት ወይም መቀበል። በአሜሪካ ጠበቆች ከክርክሩ በፊት፣ ከችሎት ውጭ፣ ምስክሩን አስምለው ሲጠይቁትና ቃሉ ሲመዘገብ «ዲፖዝ» ተደረገ ይባላል። ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ጥር 17 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. በቀረበባቸው የፍትሐ ብሔር ክስ እንዲህ ተጠይቀዋል፤ ያን ቀን የወጣን ዜና «ከሥልጣን ወረዱ» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ፣ እስከ ጥር 2001 በሥልጣን የቆዩትን ሰው ሦስት ዓመት ቀድሞ ባሰናበታቸው ነበር።

«ኦቨርስሮው» ከዚህ ይለያል። እሱ ገልብጦ መጣል ነው፤ መንግሥትም ሥርዓትም ይገለበጣል፣ ብዙውን ጊዜም የኃይል ሽታ አለው። «ዲፖዝ» የሚደረገው ግን ማዕርግ ያለው ሰው ነው፣ አወራረዱም አብዛኛውን ጊዜ የሥርዓት መልክ ይይዛል። በጥር 1327 የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ኤድዋርድ በኬኒልወርዝ ግንብ ጥቁር ለብሰው ከፓርላማው መልእክተኞች ፊት ሲቀርቡ፣ አንዱ በአገሩ ስም የታማኝነቱን ቃል ኪዳን አፈረሰ፤ የቤተ መንግሥታቸው አዛዥ ቶማስ ብላውንትም የሹመት በትሩን ሰበረ፣ ይኸውም የቤተ መንግሥቱ አገልጋዮች ተበተኑ ማለት ነው። ሰይፍ አልተመዘዘም፤ ንጉሡ ግን ወርደዋል።

ቃሉ ከባድ ስለሆነ እንግሊዞች ራሳቸው የሸሹበት ጊዜ አለ። ዳግማዊ ጄምስ በታኅሣሥ 1688 ወደ ፈረንሳይ ከኮበለሉ በኋላ ፓርላማው የተከራከረው በቃል ምርጫ ነበር። ንጉሥን አወረድን ማለት ሥልጣኑ የእኛ ነበር ብሎ ማመን ስለሚሆን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት «ዙፋኑን ለቀቁ» ሲል፣ የመኳንንቱ ምክር ቤት «ጥለው ሄዱ» ይባል ብሎ ያዘ። ልዩነቱ ቀላል አልነበረም፤ ዙፋን ከተለቀቀ ባዶ ነው፣ ጥሎ የሄደ ንጉሥ ግን ሊመለስ ይችላል። መኳንንቱ በየካቲት 6 ቀን 1689 እጃቸውን ሰጡ፤ «ዲፖዝ» የሚለው ቃልም ከውሳኔው ውጭ ቀረ።