ሪጅን ፍሪ ማጫወቻና ጭስ የለበሰው ሠርግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አክስቴ ሜሪላንድ ነው የሚኖሩት። የእህቴ ሠርግ ዲቪዲ ከአዲስ አበባ ሲመጣላቸው የቤታቸው ማጫወቻ አልከፍትም አለ። ሰው መክሯቸው «ኮዱ የተከፈተ» ሪጅን ፍሪ ማጫወቻ፣ ማለትም የየትኛውንም ክልል ዲስክ የሚከፍት፣ ገዙ። አሁን ሙሽሮቹ ታዩ። ግን እሳቸው እንደሚሉት «ጭስ ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ»። ቅዳሜ ቡና ልጠጣ ሄጄ ሪሞቱን ተቀበልኳቸው። ያኔ ካነሷቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹን ከሌላ ሰውም ሰምቻለሁ።

«ኮዱ ከተከፈተ ምስሉም አብሮ ይጠራል»

አይጠራም። ሪጅን ኮድ የአንዱ ክልል ዲስክ በሌላው ክልል ማጫወቻ እንዳይከፈት የሚያግድ ቁልፍ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። ለዲቪዲ ሽያጭ ሲባል ዓለም በ6 ክልል ተከፋፈለች። አሜሪካና ካናዳ 1፣ ምዕራብ አውሮፓና ጃፓን 2፣ ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከህንድና ከሩሲያ ጋር 5 ደረሳት። ማጫወቻውን ሪጅን ፍሪ ማድረግ ይህን ቁልፍ ማንሳት ነው። አንዳንዱ በሪሞት በሚገባ ቁጥር ይከፈታል፣ አንዳንዱ የውስጥ ሶፍትዌሩ ይቀየራል። ምስሉን የሚያወጣው ክፍል እንደነበረ ነው።

«የሠርጉ ዲስክ እንቢ ያለው በሪጅን ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ቀራጺዎች በሚቀዱት ዲስክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሪጅን ኮድ የለም። የእህቴን ሠርግ ማን ይቆልፈዋል? ችግሩ ፓልና ኤንቲኤስሲ የሚባሉት ሁለት የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓቶች ልዩነት ነው። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ፓልን ነው፤ በዲስኩ ላይ 576 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ደግሞ 480 መስመርና ወደ 30 ምስል ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ ማጫወቻዎች ፓልን አያነቡም።

የአክስቴ አዲሱ ማጫወቻ ያነባል። አንብቦም ወደ ኤንቲኤስሲ ይቀይረዋል። 576ቱን መስመር ወደ 480 ይጨምቃል፣ የጎደሉትን ምስሎች ለመሙላት ያሉትን ይደጋግማል። ካሜራው ሙሽሮቹን ተከትሎ ሲዞር ምስሉ የሚንገጫገጨው ለዚህ ነው። መፍትሔው የማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ ነው። የቴሌቪዥን ሲስተም የሚለውን ከኤንቲኤስሲ ወደ አውቶ ወይም መልቲ ይቀይሩት። ያኔ ፓሉ ሳይነካ ይወጣል። ሁሉም የአሜሪካ ቴሌቪዥን ግን አይቀበለውም። ስክሪኑ ከጠቆረ አይደንግጡ፤ ብዙ ሪሞት ላይ ፓልና ኤንቲኤስሲን የምታቀያይር ቁልፍ አለች። የአክስቴ ቴሌቪዥን ተቀበለ። ካልተቀበለስ? ዲስክ ማንበቢያ ያለው ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅን አንድ ላይ በሚያስተላልፈው ዲጂታል ገመድ) ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ ማየት ነው። ኮምፒውተር ለፓልና ለኤንቲኤስሲ ደንታ የለውም።

«ገመድ ያው ገመድ ነው»

ጭሱ የመጣው ከዚህ ነበር። ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ባዶውን ተቀምጧል። የተሰካው ቢጫው ገመድ ነው፤ ከካርቶኑ የወጣው እሱ ነዋ! ቢጫው ብርሃንንና ቀለምን በአንድ ሽቦ ቀላቅሎ ይልካል፣ ቴሌቪዥኑ መልሶ ሊለያያቸው ይታገላል። ሲለያያቸው ዝርዝሩ ይጠፋል። በእህቴ ቀሚስ ጥለት ጠርዝ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች እንደ ጉንዳን ይርመሰመሱ ነበር። ገመዱን ወደ ኤችዲኤምአይ ስቀይር ጉንዳኖቹ ጠፉ፣ ጥለቱ ጥለት ሆነ።

ኤችዲኤምአይ የሌለው አሮጌ ማጫወቻ ከሆነ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ራስ ያላቸውን ሦስቱን ገመዶች ይሞክሩ። አንድ ወጥመድ አለ፤ የድምፁም ገመድ ቀይ ራስ አለው። ሁለቱ ቀዮች ከተለዋወጡ ቀለሙ ይዛባል፣ ድምፁም ጎዶሎ ይሆናል።

በነገራችን ላይ የ80 ዶላር ኤችዲኤምአይ ገመድ ለዲቪዲ ከ10 ዶላሩ የተሻለ ምስል አያመጣም። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«ማጫወቻውን 1080 መስመር ላይ ካደረግኩት ኤችዲ (ከፍተኛ ጥራት) ይሆናል»

አይሆንም፤ በዲስኩ ላይ የሌለ ዝርዝር ከየት ይመጣል? ያለው ተለጥጦ ስክሪኑን ይሞላል እንጂ። አንዳንዴ ማጫወቻው፣ አንዳንዴ ቴሌቪዥኑ የተሻለ ይለጥጣል። ሁለቱንም ሞክሮ በዓይን መፍረድ ነው።

«እስክስታው ላይ ትከሻው የሚተለተለው ዲስኩ ስለተጫረ ነው»

የተጫረ ዲስክ ምልክቱ ሌላ ነው። ምስሉ ቆሞ ይቀራል ወይም ካሬ ካሬ ይሆናል። በፈጣን እንቅስቃሴ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ አግዳሚ መስመር ከታየ ግን ጉዳዩ የአቀራረጹ ነው። ብዙ የሠርግ ቪዲዮ እያንዳንዱ ምስል በሁለት ግማሽ ተከፍሎ ነው የሚቀረጸው። አንዱ ግማሽ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ የሚሄዱትን መስመሮች፣ ሌላው 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ የሚሉትን ይይዛል። በሁለቱ መካከል ትከሻው ተንቀሳቅሷል። ሁለቱን ግማሾች አስማምቶ መግጠም የማጫወቻው ወይም የቴሌቪዥኑ ሥራ ነው። ማጫወቻው ሲያቅተው ውጤቱን ወደ 576አይ (ግማሾቹ ሳይገጠሙ ወደሚወጡበት) ዝቅ አድርገው ሥራውን ለቴሌቪዥኑ ይተዉለት። እኛ ጋ ሠርቷል።

«ሪጅን 0 ላይ ካለ ሁሉም ዲስክ ይከፍታል»

ከሞላ ጎደል፤ 0 ማለት ለሁሉም ክልል ክፍት ማለት ነውና። ግን አንዳንድ የአሜሪካ ፊልሞች ማጫወቻው የየት አገር እንደሆነ ራሳቸው ይፈትሻሉ። 0 ሲያዩ የዓለም ካርታ አውጥተው እምቢ ይላሉ። ለእነሱ ማጫወቻውን በእጅ 1 ላይ ማድረግ ይበቃል።

«አሮጌውን ለእናትህ አዲስ አበባ ልላክላት»

ይህን ያሉት አክስቴ ናቸው፣ ሻንጣ ሊያስሩ ሲነሱ። አሮጌውን ማጫወቻ ገልብጬ አየሁት፤ 120 ቮልት ብቻ ይላል። አዲስ አበባ 220 ላይ ቢሰካ ሊቃጠል ይችላል። ሻንጣው ውስጥ ቦታው ለጫማ ተለቀቀ።