«ልጆቹ ሰነፉ» ለምትሉ፦ ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና የተሳሳቱ አመለካከቶች

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር «የዛሬ ልጆች ሰነፎች ናቸው» የሚለውን ፍርድ በታክሲ፣ በለቅሶ ቤት፣ በመምህራን ማረፊያ ሳይቀር እሰማለሁ፤ ለዓመታት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው በመሆኔም ከእንግዲህ በዝምታ ላልፈው አልችልም።

ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠው የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,161 ትምህርት ቤቶችም አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ልጅ ቢሰንፍ ጥፋቱ የራሱ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ትምህርት ቤት እንዳለ ሲወድቅ ግን መጠየቅ ያለበት እዚያ የተሰጠው ትምህርት ነው።

በአንድ የሞዴል ፈተና ላይ ከጎበዝ ተማሪዎቼ አንዷ ስለሚያፈስ የውኃ ታንከር የቀረበውን ጥያቄ ሳትሠራ ትታው አገኘሁ። ጠርቼ ብጠይቃት ጣቷን «ሊኪንግ» በሚለው ቃል ላይ አሳርፋ «ቲቸር፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። «የሚያፈስ» ስላት ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ እዚያው ቆሜ ሳለሁ ሠርታ ሰጠችኝ። በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ስትማር ኖራ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ሁሉም ወደ እንግሊዝኛ የተለወጠባት ይህች ልጅ ያጣችው የሒሳብ ዕውቀት አልነበረም፤ የወረቀቱ ውጤት ግን ይህን ለይቶ አይናገርም።

«50 ያመጣ ግማሹን ያውቃል» የሚለውም ስህተት ነው። ጥያቄዎቹ አራት ምርጫ ያላቸው ስለሆኑ፣ ምንም የማያውቅ ተማሪ በግምት ብቻ ከ100 ወደ 25 ያገኛል፤ 34 ጥያቄ አውቆ የሠራና የቀሩትን 66 በግምት ያጠቆረ ደግሞ 50 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ 30 ያመጣን ልጅ «20 ብቻ ቀረው» ብሎ ማጽናናት ክፍተቱን መደበቅ ነው።

«ድሮ ብዙ ተማሪ ያልፍ ነበር» የሚሉ፣ የቀድሞው መቁረጫ ነጥብ በዩኒቨርሲቲዎች የመቀበል አቅም ልክ ከ50 በመቶ በታች ይወርድ እንደነበር ይዘነጋሉ።

«ፈተናው ይቅርና የትምህርት ቤት ውጤት ይበቃል» በሚለውም አልስማማም፤ ትራንስክሪፕታቸው ላይ አማካይ 90 ተጽፎላቸው ብሔራዊ ፈተናውን ያላለፉ ተማሪዎችን አስተምሬያለሁና።

«የቆዩ ፈተናዎችን መሸምደድ ያሳልፋል» የሚለው እምነት ግን ወላጆችን ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል። ለማጠናከሪያ ትምህርት የምታወጡት ካለ 12ኛ ክፍል እስኪደርስ አትጠብቁ። 7ኛ ክፍል ላለ ልጃችሁ ሦስት አራተኛን ለግማሽ እንዲያካፍል ስጡት፤ ከዚያም በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ የሒሳብ ጥያቄ አንብቦ ምን እንደተጠየቀ በራሱ ቋንቋ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ከሁለቱ በአንዱ ከተቸገረ በዚያው ሳምንት መምህሩ ዘንድ ሂዱ።