ስለ ልጆቻችን ምሳ ዕቃ የምንሳሳታቸው ነገሮች

መስከረም ሲጠባ ድሬዳዋ ውስጥ የወላጆች ጨዋታ አንድ ይሆናል። ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙና ጫማው ካለቀ በኋላ «ምሳ ዕቃው ውስጥ ምን ልክተት?» ይመጣል። ይሄ ጥያቄ እስከ ሰኔ በየጠዋቱ አለ። ቡና ላይ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹን እኔም ለዓመታት አምኛቸዋለሁ። ብር ያስወጡናል፣ ልጆቹን ግን አይጠቅሙም።

«ሥጋ ካልበላ ልጅ አያድግም»

ብዙዎቻችንን የሚያሳቅቀን ይሄ ነው። ሥጋ ቤት ዋጋ ጠይቀን ባዶ እጃችንን ስንመለስ ልጃችንን የበደልን ይመስለናል። እስቲ ቤት ያለውን ምስር እንየው። 100 ግራም ደረቅ ምስር ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ነው ያለው። ሽምብራ፣ አተርና ባቄላም ከምስር ብዙ አይርቁም። ሽሮ ደግሞ እነሱው ናቸው፣ ተፈጭተው።

ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ነገሮች ነው። ከእነሱ አንዱ ላይሲን ይባላል። እህል ውስጥ ላይሲን ያንሳል፣ ጥራጥሬ ውስጥ ሞልቷል። ጥራጥሬ የሚጎድለውን ደግሞ እህሉ ይሞላለታል። ስለዚህ እንጀራ በሽሮ የበላ ልጅ የተሟላ ፕሮቲን በልቷል።

አንድ ነገር ግን አልደብቅም። ቫይታሚን ቢ12 ጥራጥሬ ውስጥ የለም፣ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ለዚህ በሳምንት ጥቂት ቀን እንቁላል ወይም ወተት ይስጧቸው፣ የግድ ሥጋ መሆን የለበትም። እኛ ጋ የፍየልም የግመልም ወተት ከገጠር ይገባል። ሳታፈሉ ግን ለልጅ አትስጡ። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስን ጨምሮ በሽታ ያስተላልፋል።

«የማሽላ እንጀራ የቸገረው ሰው ምግብ ነው»

ሐረርጌ በማሽላ የኖረ አገር ነው። ማሽላ ጉልበት በመስጠት ከጤፍ አይተናነስም። ችግሩ እንጀራው በሁለተኛው ቀን መድረቁና መፈርፈሩ ነው፤ ልጆች የሚጠሉትም ለዚህ ነው። ጤፍ ቀላቅሉበት፣ ይለሰልሳል። እኔ ግማሽ በግማሽ ነው የማስፈጨው። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ደግሞ ሰውነት በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት በተሻለ ያገኘዋል። ማሽላ ከታጨደ በኋላ ዋጋው ይቀንሳል። ያኔ ከሁለት ጎረቤት ጋር አንድ ኩንታል መካፈል ያዋጣል።

«ጠዋት የተሠራ ምግብ እስከ ምሳ ምን ይሆናል?»

ድሬዳዋ ላይ ብዙ ነገር ይሆናል። ትንሿ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ማካሮኒ ትኩሱን ምሳ ዕቃ ውስጥ አድርጌ ክድን አደረግኩት። እንዳይቀዘቅዝባት ብዬ ነበር። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ከፍታ በላችው። ማታ ስታስመልስ አደረች። በማግስቱ ዕቃውን ስከፍተው ክዳኑ ውስጡ አሁንም በላብ ረጥቦ፣ የቀረው ማካሮኒ እየተዝለገለገ ነበር። ያንን ሽታ አልረሳውም።

ጀርሞች በፍጥነት የሚባዙት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ትኩስ ምግብ ሲከደን እንፋሎቱ ውስጥ ይታፈናል፣ ለሰዓታትም ለብ እንዳለ ይቆያል። የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ካለፈ የበሰለ ምግብ ውጪ ከ1 ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመከራል። የእኛን ከተማ የግንቦት ሙቀት ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ እንቁላሉን፣ ወተቱንና ማካሮኒውን ቤት ለቁርስና ለእራት አድርጉት። ምሳ ዕቃው ውስጥ ደረቅ ያለው ይግባ፦ ቂጣ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ያልተላጠ ብርቱካን ወይም ሙዝ። ወጥ ያለው ምግብ መላክ ግድ ከሆነ ቶሎ በዝርግ ትሪ ላይ አቀዝቅዙትና ክደኑት። ከዚያ ማታ ፍሪዘር ያደረ አንድ ሃይላንድ ውሃ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከጎኑ አስቀምጡ። ምግቡን ያቀዘቅዛል፣ ሲቀልጥ ይጠጡታል።

«ለውዝ የመክሰስ ነገር ነው፣ ምግብ አይሆንም»

ከሐረር ወደ ጅጅጋ የሄደ ሁሉ ባቢሌ ላይ ለውዝ ገዝቶ ያውቃል። ያ ለውዝ በ100 ግራም 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ጉልበት የሚሰጥ ቅባትም ሞልቶታል። እፍኝ ለውዝ ከቆሎ ጋር የያዘ ልጅ ከሰዓት በኋላ አይዝልም። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ፍሬውን እንዳለ አትስጡ፣ ያንቃል። ፈጭታችሁ ዳቦ ላይ ቀቡለት።

የሻገተ፣ የጠቆረ፣ የተጨማደደ ወይም የሚመር ፍሬ ካያችሁ ጣሉት። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ብትቆሉትም መርዙ አይጠፋም። ጉበት ይጎዳል።

«ለስላሳም ጉልበት ነው»

አንድ 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፣ 7 የሻይ ማንኪያ ያህል። በዚያ ብር ፓፓያ ግዙ። ቫይታሚን ሲ እና ቫይታሚን ኤ ይሰጣል።

«አቦ፣ እኛ ምን እቅድ አለን! የተገኘውን ነው የምንበላው»

ይህን ያለችኝ ጎረቤቴ ናት፣ ሐሳቧም ይገባኛል። ግን እቅድ የሚያስፈልገው ብር ሲያጥር ነው። ምንም ሳንይዝ የወጣን ቀን ነው ሱቅ ገብተን ብስኩት የምንገዛው።

የእኔ እቅድ ከልጄ ካለቀ ደብተር የተቀደደ አንድ ገጽ ናት። ዓርብ ማታ በመጀመሪያ ቤት ያለውን እጽፋለሁ፦ ስንት ኩባያ ምስር፣ ስንት ሽሮ፣ ስንት ዘይት። ከዚያ የጎደለውን። ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ ስሄድ ከገጹ አልወጣም። ከሐረማያ በኩል የሚወርደው ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን የሳምንቱ መሠረት ነው። ለስለስ ያለው ቲማቲም ይረክሳል፣ ለቁሌት ደግሞ እሱ ይሻላል።

እሁድ ሽንኩርቱን በአንድ ትልቅ ድስት አቁላልቼ ለሁለት እከፍላለሁ፣ ግማሹ ለምስር፣ ግማሹ ለሽሮ። ከሰሉም ዘይቱም በአንድ ጊዜ ያልቃል። ፍሪጅ ለሌለው ቤት ቁሌቱ አይቆይም። ለእሱ የሚያግዘው ምስሩን አስቀድሞ መልቀምና ባቄላውን ማታ መዘፍዘፍ ነው። የተዘፈዘፈ ባቄላ ቶሎ ይበስላል፣ ከሰል ይቆጥባል። ለሚጾም ቤት ረቡዕና ዓርብ ምን እንደሚበላ ድሮም የታወቀ ስለሆነ የሚቀረው ሦስት የትምህርት ቀን ብቻ ነው።

«ሻይ ምግቡን ያወርዳል»

ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምስሩና ከእንጀራው ብረት በደንብ እንዳያገኝ ያግዳል። ለልጆች ከምሳ ጋር አትስጧቸው፣ ቢያንስ 1 ሰዓት ይቆይ። በምትኩ ውሃ ላይ ሎሚ ጨምቁላቸው። ሎሚው ብረቱን እንዲያገኙ ያግዛቸዋል።