የሰው ልጅ ቁጥር ቢያሽቆለቁል የሳስኳች ዕጣ

ሳስኳች፣ በሌላ ስሙ ቢግፉት፣ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከሰሜን ካሊፎርኒያ እስከ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በተዘረጉት እርጥብ ደኖች ይኖራል የሚባል፣ በሁለት እግሩ የሚሄድና መላ አካሉ በጸጉር የተሸፈነ ግዙፍ ፍጡር ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ስለ መሰል የደን ፍጡራን ከጥንት ጀምሮ ሲተርኩ ኖረዋል፤ በ1958 በካሊፎርኒያ ብላፍ ክሪክ በመንገድ ሥራ ቦታ የታዩ ትላልቅ የእግር ዱካዎች በጋዜጣ ሲወጡ ደግሞ ወሬው በመላ አገሪቱ ናኘ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። እስካሁን ግን አንድም አስከሬን፣ አጥንት ወይም ጥርስ አልተገኘም፤ የእንዲህ ዓይነት ፍጡራን ናቸው ተብለው ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ ጸጉሮች በዘረመል ተመርምረው በ2014 ውጤቱ ሲታተም፣ የድብ፣ የፈረስ፣ የላምና የሌሎች የታወቁ እንስሳት ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ የሰው ልጅ ቁጥር በድንገት ቢያሽቆለቁል ሳስኳች ምን ይገጥመዋል የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው፣ ትልቅ አካል ያለውና ቀስ ብሎ የሚራባ ሰው መሰል ዝንጀሮ በእነዚህ ደኖች ቢኖር ኖሮ ብሎ በማሰብ ብቻ ነው።

ብዙዎች የሚገምቱት ሰው ከጠፋ ደኑ እንደሚሰፋና ተደብቆ የኖረው ፍጡር በነጻነት እንደሚበዛ ነው። ለዚህም በ1986 ከደረሰው የኒውክሌር አደጋ በኋላ ሰው የለቀቀው የቸርኖቤል አካባቢ በምሳሌነት ይጠቀሳል። በቤላሩስ በኩል ባለው ክፍል የተደረገና በ2015 የታተመ ጥናት፣ የአጋዘንና የዱር አሳማ ብዛት ከተጠበቁ የዱር እንስሳት ቦታዎች ጋር የሚቀራረብ፣ የተኩላዎቹ ደግሞ ሰባት እጥፍ ገደማ የሚበልጥ መሆኑን አሳይቷል። ነገር ግን እነዚህ በየዓመቱ የሚወልዱ እንስሳት ናቸው። ሴት ጎሬላ በአማካይ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ትወልዳለች፤ ኦራንጉታን ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ትቆያለች። በመካከለኛው አፍሪካ በቪሩንጋ ተራሮች የሚገኙት የተራራ ጎሬላዎች ከ1981 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ከ254 ወደ 604 ያደጉት በጠባቂዎችና በእንስሳት ሐኪሞች ያልተቋረጠ ክትትል ነው። ሳስኳችም እንደ ዘመዶቹ የሚራባ ከሆነ፣ የሰው መጥፋት ፍሬውን የሚያሳየው ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ከቸርኖቤል ይልቅ የበለጠ የሚያስተምረው የአካባቢው የራሱ ታሪክ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ችላ ማለታቸው ያሳዝናል። የሰው ቁጥር ማሽቆልቆል በዚህ ምድር ከዚህ ቀደም ደርሷል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ፈንጣጣ የጠረፉን ሕዝቦች ፈጀ፤ በ1862 ደግሞ ከቪክቶሪያ ከተማ ተነሥቶ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጠረፍ መንደሮችን ባዶ አደረገ። በኦሬገን የዊላሜት ሸለቆ ከ1830 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የተመላለሰውና ወባ እንደነበር የሚታመነው ትኩሳት፣ ከአሥር ሰዎች ዘጠኙን ገደማ እንደገደለ ይገመታል። በዚያ ሸለቆ የሚኖሩት የካላፑያ ሰዎች ሣሩን በየጊዜው ያቃጥሉ ስለነበር ሜዳው ክፍት ነበር፤ ካማስ የተባለው የሚበላ ሥርና የኦክ ዛፍ ፍሬም በብዛት ይገኝ ነበር። እሳቱ ሲቀር ዳግላስ ፈር የተባለው ረጅም ዛፍ ሜዳውን እየወረረ መጣ። መጠለያ ጨመረ፣ ምግብ ግን ቀነሰ።

ይኸው ነገር በዋሽንግተን ግዛት በስካማኒያ ካውንቲም ይታያል። ይህ ካውንቲ በ1969 ሳስኳችን መግደል እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው ብሎ በመደንገጉ ታዋቂ ነው። በዚያው ካውንቲ የሚገኘው ሶቱዝ የተባለው፣ ሃክልቤሪ የሚባል የዱር ፍሬ የሚለቀምበት ቦታ በነባር ሕዝቦች እሳት ዛፍ እንዳይውጠው ተጠብቆ የኖረ ሲሆን፣ በ1932 የያካማ ሕዝብ ከደን አስተዳደሩ ጋር ባደረገው ስምምነት ከፊሉ ለነባሮቹ ለቃሚዎች ተከለለ። ሆኖም የደን እሳት ማጥፋት ከተጀመረ ወዲህ ዛፉ ፍሬውን እየሸፈነ መጥቷል። ሰው ከሌለ መብረቅ የሚያስነሣው እሳት ያለ ከልካይ ይነድዳልና ፍሬው ቆይቶ መመለሱ አይቀርም፤ የመጀመሪያዎቹ ቃጠሎዎች ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት በተከማቸ ማገዶ ላይ ስለሚያርፉ እጅግ ከባድ ይሆናሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ክረምቱ ነው። በቅዝቃዜው ወራት ድብ በዋሻ ተኝቶ በስቡ ይኖራል፤ ሰው መሰል ዝንጀሮዎች ግን በዚህ መንገድ ሲያንቀላፉ አይታወቁም። ስለዚህ ሳስኳች ከቅዝቃዜው ወራት በፊት ከባሕር ወደ ወንዞች የሚወጣው ሳልመን ዓሣ ሳያስፈልገው አይቀርም። በ1942 የተጠናቀቀው የግራንድ ኩሊ ግድብ የዓሣ መተላለፊያ ስለሌለው የላይኛውን ኮሎምቢያ ወንዝ ለሳልመን ዘግቷል፤ እንዲህ ያለ ግዙፍ የኮንክሪት ግድብ ጠባቂ ባይኖረውም ለረጅም ዘመን እንደቆመ ሊቀር ይችላል። በዋሽንግተን ግዛት በኦሊምፒክ ልሳነ ምድር በኤልዋ ወንዝ ላይ የነበሩት ሁለት ግድቦች እስከ 2014 ሲፈርሱ ሳልመን ወዲያው ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል፤ ያፈረሳቸው ግን የሰው እጅ ነው።

የሰው ቁጥር የሚያሽቆለቁልበት መንገድም ራሱ ዕጣውን ይወስናል። ምክንያቱ በሽታ ከሆነ ለሰው የቅርብ ዘመድ የሆነ እንስሳም ሊያልቅ ይችላል፤ በ2002 እና በ2003 በኮንጎ ሪፐብሊክ በሎሲ አካባቢ ኢቦላ 5,000 ገደማ ጎሬላዎችን እንደገደለ ይገመታል። ምክንያቱ ረሃብ ከሆነ ደግሞ የተረፉት ሰዎች ጠመንጃቸውን ይዘው በእንጨት ቆራጮች መንገድ ወደ ደን ይገባሉ፤ ሥጋ ያለው ሁሉ የሚታደንባቸው እነዚያ ዓመታት፣ ጥቂት ቁጥር ላለው እንስሳ መጨረሻው ሊሆኑ ይችላሉ። ያን ካለፈ ግን በጭር አውራ ጎዳናዎች ላይ እየተሻገረ ከካስኬድ ተራሮች ወደ ኦሊምፒክ ደኖች መዝለቅና ከሌላ መንጋ ጋር መዳቀል ይችላል፤ ለትናንሽ መንጋዎች ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም የለም።

ብዙዎች የሳስኳች ቅድመ አያት አድርገው የሚያስቡት ጃይጋንቶፒቴከስ የተባለው የደቡብ ቻይና ግዙፍ ሰው መሰል ዝንጀሮ ከ295,000 እስከ 215,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ የጠፋው፣ ደኑ ሲለወጥ አመጋገቡን መለወጥ ስላልቻለ መሆኑን በ2024 የታተመ ጥናት ያስረዳል፤ በዚያው አካባቢ የኖረው ኦራንጉታን ግን የተሻለ ተላምዷል። ሥርም፣ ፍሬም፣ ዓሣም የሚበላ ሳስኳች ቢኖር ከሁሉ የሚሻለው መኖሪያ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጠረፍ የሚገኘው 6.4 ሚሊዮን ሄክታር ስፋት ያለው ታላቁ የድብ ደን ነው፤ በዚያ ሳልመን የሚወጣባቸው ያልተገደቡ ወንዞች አሉ፣ ሰውም ዛሬ እንኳ ጥቂት ስለሆነ የቁጥሩ ማሽቆልቆል የሚለውጠው ነገር ትንሽ ነው።